ሁለት ቀስት ያለው ሥዕል፦ ጥርስ ሲገፋ አጥንቱን የሚያዘው ማን ነው?

ምስር ወጥ እየበላችሁ ነው እንበል። ድንገት ጠጠር ነከሳችሁ። ጠጠሯ ከአሸዋ ቅንጣት ባትበልጥም አፋችሁ ወዲያው ያውቃታል፤ ገና ሳታስቡት መንጋጋችሁ ቆሟል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን እኮ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው፤ ነርቭ የሚባል የለውም። ታዲያ ጠጠር መኖሩን ማን ነገራችሁ?

በዋናነት የነገራችሁ ከጥርሱ ሥርና ከመንጋጋው አጥንት መሀል የተወጠረ ስስ ጅማት ነው። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ወረቀት ደርባችሁ ብትይዙ ያንን ያህላል። ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ምስማር የተመታ ይመስለናል። አይደለም። ይልቅ የድሮውን የጠፍር አልጋ አስቡት፦ ጠፍሩ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው ተወጥሮ የተኛውን ሰው አየር ላይ ይይዘዋል። ጥርስም እንደዚያ በብዙ የኮላጅን ክሮች ታስሮ በአጥንቱ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። በክሮቹ መሀል ደም ሥር አለ፣ ነርቭ አለ፣ ፈሳሽ አለ፣ ሕዋሳት አሉ። ጠጠሯን ያወቃት ይሄ ጅማት ነው። የጥርስ ሽቦ፣ ማለትም ብሬስ ሲታሰር ጥርሱ ቦታ እንዲቀይር የሚያደርገውም እሱው ነው።

ዛሬ ልሞግተው የፈለግኩት ስለዚህ ጉዳይ የተሳለ አንድ ሥዕል ነው። ብሬስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍም ሆነ ቪዲዮ ብትከፍቱ ሥዕሉን ማግኘታችሁ አይቀርም። መሀል ላይ ጥርስ፣ ግራና ቀኝ አጥንት፣ ሁለት ቀስት። ጥርሱ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በቀኝ በኩል «ግፊት፦ አጥንት ይሟሟል»፣ በግራ በኩል «መሳብ፦ አጥንት ይሠራል» ተብሎ ይጻፋል። በቃ። ጥርሱ ከፊቱ መንገድ እየተከፈተለት፣ ከኋላው እየተሞላለት፣ በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ይጓዛል።

ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆንማ ቀላል ነበር፣ እንጥለው ነበር። ችግሩ የእውነቱን ግማሽ ይዞ ሙሉ መስሎ መቅረቡ ነው።

እኔም ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ግፊት አጥንት የሚያሟሟ ከሆነ ክብደት የሚያነሱ ሰዎች እግራቸው ለምን አያልቅም?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የሚረባ መልስ አልነበረኝማ።

ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። በ1892 ዩልዩስ ቮልፍ የተባለ ጀርመናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም አጥንት በሚሸከመው ጫና ልክ ራሱን ያስተካክላል የሚለውን ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬም «የቮልፍ ሕግ» ይባላል። ማስረጃው በየቦታው ነው። የቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላኛው ይወፍራል። ጠፈርተኞች ደግሞ ክብደት በማይሰማበት ቦታ ሲቆዩ የዳሌያቸው አጥንት በወር ከ1 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ጫና ሲኖር አጥንት ይገነባል፣ ጫና ሲጠፋ ይፈርሳል። ወደ መንጋጋ ስንመጣ ግን ሥዕሉ ተገልብጦ «ግፊት ያፈርሳል» ይለናል። አንድ ሰውነት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሕግ? እንዴት ነው ነገሩ?

መልሱን ለመፈለግ መጀመሪያ ሥዕሉ ከየት እንደመጣ እንይ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ካርል ሳንድስቴት የተባለ ስዊድናዊ የውሻ የፊት ጥርሶችን በሽቦ ለሦስት ሳምንት ያህል አንቀሳቀሰ። ከዚያ መንጋጋውን በስሱ ቆራርጦ በአጉሊ መነጽር አየው። ጥናቱ በ1904 እና በ1905 ታተመ። አዎ፣ ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንት ሲበላ፣ በሚሳበው በኩል አዲስ አጥንት ሲሠራ አይቷል። ሁለቱ ቀስቶች የመጡት ከዚህ ነው።

ግን ሳንድስቴት ሌላም ነገር አይቷል። ኃይሉ ጠንከር ባለበት ቦታ ጅማቱ ተጨፍልቆ፣ ሕዋሳቱ ሞተው፣ በአጉሊ መነጽር እንደ መስታወት ጠፍጣፋ የሆነ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ግፊቱ ከሁሉ የበረታው እዚያ ነው። ሥዕሉ እውነት ቢሆን አጥንቱ ከሁሉ በላይ መሟሟት የነበረበት እዚያው ነበር። ሆኖም ከጅማቱ ጋር የሚነካካው የአጥንቱ ፊት ንቅንቅ አላለም። አጥንቱ የተበላው ከጀርባው፣ በሕይወት ካለው ሰፈር በኩል ነው። ጥርሱም የሞተው ቦታ ተጠርጎ እስኪያልቅ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። ብሬስ ያደረጋችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከዚያ «ምንም አልተለወጠም» ያላችሁበት ጊዜ ካለ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሙሉው ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ ማለት ነው። አጥንትን ግፊት አያሟሟውም፤ አጥንት የሚያሟሙት በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ናቸው። ሕዋሱ ከሞተ ግፊቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ምንም አይሠራም። ከመቶ ዓመት በላይ ስንገለብጠው የኖርነው ሥዕል ግን ይህን ግማሹን ጣለው። ምክንያቱ አይገርመኝም። ቀስት መሳል ይቀላል፣ ሕዋስ መሳል ይከብዳል።

ዋናው ተዋናይ ጅማቱ እንደሆነ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ጅማት የሌለውን ጥርስ ተመልከቱ። አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ቋሚ የፊት ጥርሱ ተመንግሎ ወጣ እንበል። ጥርሱ ደርቆ ከቆየ በኋላ ቢመለስ በሥሩ ላይ የነበሩት የጅማት ሕዋሳት ሞተዋል፤ አጥንቱ ቀጥታ ከጥርሱ ሥር ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን ጥርስ የፈለጋችሁትን ብሬስ ብታስሩለት አይንቀሳቀስም። ግፊቱ አለ፣ አጥንቱ አለ፣ ጥርሱ አለ። የጠፋው 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሐኪሞች ይህን ለጥቅም ያውሉታል፦ ትናንሽ የታይታኒየም ብሎኖች አጥንት ውስጥ ይተክሉና ሌሎቹን ጥርሶች ለመሳቢያ እንደ ካስማ ይጠቀሙባቸዋል። ብሎኑ ጅማት ስለሌለው እንደ ጥርስ አይጓዝም። (በነገራችን ላይ ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ቢወጣ ሥሩን አትፈግፍጉት። ጥርሱን ከላይኛው ክፍል ያዙት፤ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። እዚያ ላይ የምታድኑት ጅማቱን ነው።)

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንመለስ። ካየኋቸው መልሶች የማደንቀው ዴንማርካዊቷ ቢርተ ሜልሰን በ1999 ያቀረበችውን ነው። የጠፍር አልጋውን መልሳችሁ አምጡት። የተኛውን ሰው ወደ ቀኝ ብትገፉት በቀኝ በኩል ያለው ጠፍር ይረግባል፣ በግራ በኩል ያለው ይወጠራል። አሁን ራሳችሁን በአልጋው ጣውላ ቦታ አድርጉት። የግራው ጣውላ ከወትሮው የበለጠ ይጎተታል። የቀኙ ጣውላ ግን ጠፍሩ ስለረገበ ከወትሮው ያነሰ ይጎተታል። እኛ ከውጭ ሆነን «ግፊት» ያልነው ቦታ ለአጥንቱ ለራሱ ጫና የቀነሰበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ልክ ጠፈር ላይ እንዳለው ዳሌ። የሚፈርሰውም ለዚያ ነው። የሚሳበው በኩል ደግሞ እንደ ቴኒስ ተጫዋቹ ክንድ ሥራ በዝቶበት ይገነባል። በዚህ አያያዝ ቮልፍም አይሻርም፣ ብሬስም አይሻርም። ሁለት ሕግ የመሰለን የጅማቱን ክሮች ከሥዕሉ አውጥተን ስለጣልናቸው ነው።

ቆንጆ ሐሳብ ነው። ሆኖም ቆንጆነቱ እንዳያታልላችሁ። ሕዋስ የሞተበትን ሰፈር ለብቻው አያስረዳም። እዚያ የሚሆነው ነገር ከጫና መቀነስ ይልቅ ቁስልን ከማጽዳት ጋር ይቀራረባል። ደግሞም ጥርስ እንደ ሰው ተኝቶ ቀጥ ብሎ አይገፋም፤ አናቱን ስትገፉት ሥሩ ውስጥ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይዘነበላል። ስለዚህ በአንድ በኩል ብቻ ድዱ አጠገብ ተጨፍልቆ፣ ወደ ሥሩ ጫፍ ደግሞ ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ሁለት ቀስት ያለው ሥዕል ይህን ሁሉ በ«ግራ» እና «ቀኝ» ያልፈዋል።

እሺ፣ ሕዋሳቱ ናቸው ካልን ሕዋሳቱ እንዴት ያዛሉ? እዚህ ላይ ክርክሩ ከውሻ መንጋጋ ወጥቶ ወደ ላብራቶሪ ሳህን ገባ።

አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይሠራል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት፣ ገንቢዎቹ ኦስቲዮብላስት ይባላሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አፍራሾቹን የሚያዙ ሁለት ፕሮቲኖች ተገኙ። አንዱ ራንክ-ኤል ነው፤ «ኑ፣ እዚህ ቆፍሩ» የሚል ትእዛዝ በሉት። ሌላው ኦስቲዮፕሮቴጀሪን ነው፤ ትእዛዙ አፍራሾቹ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀማዋል። የአንድ ሰፈር አጥንት ይፍረስ ወይስ ይቆይ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ነው።

በ2002 ካንዛኪ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሰው የጥርስ ጅማት ሕዋሳትን ሳህን ላይ አሳድገው ከላይ ክብደት ጫኑባቸው። ክብደቱ በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 እስከ 4 ግራም ነበር። ሕዋሳቱ ራንክ-ኤል አበዙ፤ ኦስቲዮፕሮቴጀሪኑ ባለበት ቀረ። ሚዛኑ ወደ ማፍረስ አጋደለ ማለት ነው። መሀል ላይ ያለው መልእክተኛ ፕሮስታግላንዲን እንደሆነም አሳዩ። ፕሮስታግላንዲን ማለት ስንቆስል ሕመምና እብጠት የሚያመጣው ነገር ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚያግደውም እሱን ነው። ብሬስ የሚያደርጉ ልጆች ሕመም ሲሰማቸው ብዙ ሐኪሞች ከአይቡፕሮፌን ይልቅ ፓራሲታሞል የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው፤ እንስሳት ላይ በተሠሩ ሙከራዎች የመጀመሪያው ዓይነት መድኃኒት የጥርስን ጉዞ ሲያዘገይ ታይቷልና።

ይህን ጥናት ሳነብ ደስ ይለኛል። ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱ ግልጽ ነው። ግፊት የሚባለው ነገር ወደ ኬሚካል ቋንቋ ሲተረጎም በዓይናችን አየነው። ቅሬታዬ ከእሱ በኋላ በመጣው ልማድ ላይ ነው። ሳህኑ ላይ የታየውን ሁሉ መንጋጋ ውስጥ እንደታየ አድርጎ መጻፍ ተለመደ።

እስኪ ሳህኑን ከመንጋጋው ጋር አስተያዩት። ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ለብሬስ ቦታ ለማስለቀቅ ከተነቀለ ጤነኛ ጥርስ ነው። ይህ ማለት ባለቤቶቹ በአብዛኛው እንደ እናንተ ወጣቶች ናቸው፤ የ60 ዓመት ሰው ጅማት ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል ወይ የሚለው ሳይጠየቅ ያልፋል። ከዚያ ሕዋሱ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ላይ ይነጠፋል። መንጋጋ ውስጥ ግን በሁሉም አቅጣጫ በክሮች ተጠላልፎ፣ በፈሳሽ ተከቦ ነው የሚኖረው። ፕላስቲኩ ከለመደው ሰፈር እጅግ በጣም ይደድራል፤ ሕዋስ ደግሞ የቆመበት መሬት ለስላሳ ይሁን ደረቅ ለይቶ ያውቃል፣ ጠባዩንም ይቀይራል። ሰውን ከጠፍር አልጋ አውርዳችሁ ሲሚንቶ ላይ አስተኝታችሁ «እንዴት አደርክ?» እንደማለት ነው።

ሌላም አለ። ከላይ የተጫነው ብርጭቆ ክብደት ብቻ አይደለም፣ ክዳንም ነው። ኦክስጅንና ምግብ እንደልብ አያሳልፍም። ሕዋሱ «ቆፍሩ» ብሎ የጮኸው ስለተጫነ ነው ወይስ ስለታፈነ? ጥሩ ሙከራ ይህን ለመለየት ክብደት የሌለው ተመሳሳይ ክዳን ሌላ ሳህን ላይ አድርጎ ያነጻጽራል። አንድ ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ። በእርግጥ መንጋጋ ውስጥም ሲጨፈለቅ ደም ሥር ይዘጋል፣ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መታፈኑ የታሪኩ አካል ነው። ግን አካል መሆኑና ሳይታወቅ ሾልኮ መግባቱ ይለያያሉ።

ቁጥሮቹስ? በ1932 ሽዋርዝ የተባለ ተመራማሪ ተስማሚው ኃይል በካሬ ሴንቲሜትር ከ20 እስከ 26 ግራም መሆን አለበት አለ፤ ሐሳቡ በቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጥ ካለው ግፊት እንዳይበልጥ ነው። ሳህን ላይ የሚጫነው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በ2003 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው «ተስማሚው ኃይል ስንት ነው?» ብለው ፈተሹት፤ በማስረጃ የተደገፈ አንድ ቁጥር ማውጣት አልቻሉም። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሽቦው ጥርሱን በስንት ግራም እንደሚስብ መለካት ይቻላል፤ ያ ኃይል በጅማቱ ውስጥ ለየትኛው ሕዋስ ስንት ሆኖ እንደሚደርስ ግን ከውጭ ሆኖ መለካት አይቻልም።

ከሳህኑ ለመውጣት አንዱ መንገድ አይጥ ነው። በአይጥ ላይ አንድን ፕሮቲን ከአንድ ዓይነት ሕዋስ ብቻ ማጥፋት ይቻላል። በ2011 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ኦስቲዮሳይት የሚባሉት፣ አጥንቱ ውስጥ የተቀበሩት ሕዋሳት ዋና የራንክ-ኤል ምንጭ እንደሆኑ አሳዩ። እንዴ! ትእዛዙ የሚወጣው ከጅማቱ ሳይሆን ከአጥንቱ ሆድ ውስጥ ነው እንዴ? በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች ከኦስቲዮሳይት ላይ ራንክ-ኤልን ቀንሰው የአይጥ ጥርስ ሲገፉ ጉዞው ተጎተተ። በ2018 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቡድን ራንክ-ኤልን ከጅማቱና የአጥንቱን ፊት ከሚሸፍኑት ሕዋሳት አጠፋ፤ የጥርሱ ጉዞ ታገደ። አንዱ «አዛዡ የአጥንቱ ሕዋስ ነው»፣ ሌላው «የጅማቱ ሕዋስ ነው» እያለ ይመስላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡና ፍረዱ። የእኔ ፍርድ፣ አንዱ ሌላውን አላፈረሰም። ሁለት ቁልፍ የሚፈልግ ካዝና ላይ አንዱን ቁልፍ ብትወስዱበት አይከፈትም፤ ያ ማለት ሌላው ቁልፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። «ይህን ባጠፋው ቆመ፣ ስለዚህ አዛዡ ይህ ነው» የሚለው አነጋገር በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ቆም እላለሁ። ጅማቱ ውስጥ የሚሆነውን አጥንቱ ውስጥ ከሚሆነው ለይቶ መጥራት እኛ ለመማር ያደረግነው እንጂ ጥርሱ የሚያውቀው ድንበር አይደለም።

እስካሁን ድድን አላነሳሁትም። ሥዕሉም አያነሳውም፤ ይሄ ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ።

ድድ ውስጥም ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሳህን ላይ ብታዩዋቸው ከጅማቱ ፋይብሮብላስቶች ለመለየት ትቸገራላችሁ። ብዙ ጥናቶች የድድ ሕዋስን እንደ ማነጻጸሪያ ብቻ ይጠቀሙበታል። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሜልቸር የተባለ ተመራማሪ በ1976 እንዳስቀመጠው፣ የጥርስ ዙሪያ ሲጎዳ ምን ዓይነት ቲሹ እንደሚመለስ የሚወስነው ቦታው ላይ ቀድሞ የደረሰው ሕዋስ ነው። የጅማቱ ሕዋስ ከደረሰ ጅማትና አጥንት የመመለስ ዕድል አለ፤ የድድ ሕዋስ ከቀደመ ግን ያ ዕድል ይጠባል። ለዚህ ነው አንዳንድ የድድ ቀዶ ጥገናዎች ላይ ሐኪሙ ስስ መጋረጃ አስገብቶ የድዱን ሕዋስ የሚያግደው፤ የጅማቱ ሕዋስ ጊዜ እንዲያገኝ።

የግፊትም ነገር እንዲሁ ነው። ጅማቱ ኮላጅኑን በጣም በፍጥነት ያድሳል፣ ከድድም ከቆዳም ይበልጥ። ጥርስ ሲንቀሳቀስ ጅማቱ አብሮ ራሱን እየጠገነ ይሄዳል። ድድ ግን በአብዛኛው ይገፋል፣ ይጨማደዳል፣ ይወጠራል። ሁለት ጥርሶችን ስታቀራርቡ መሀል ያለው ድድ እንደተጠቀለለ ምንጣፍ ሲታጠፍ ማየት ይቻላል። ከአጥንቱ በላይ ከጥርስ ወደ ድድና ከጥርስ ወደ ጥርስ የተወጠሩት ክሮች የድሮውን ቦታ አይረሱም። ኖርዌያዊው ኮሬ ራይታን በ1959 ባሳተመው ሥራው የውሻ ጥርሶችን አዙሮ በአዲሱ ቦታቸው አሰራቸው። በሥሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች በወራት ውስጥ ሲስተካከሉ የድዱ ክሮች ግን ከ232 ቀን በኋላም እንደተወጠሩ ነበሩ። ከሰባት ወር በላይ! ብሬሱ ከወጣ በኋላ ሐኪሙ «ማታ ማታ ይህን አድርጊ» ብሎ የሚሰጣት ሪቴይነር ለአጉል ጥንቃቄ የተጨመረ የሚመስላት ልጅ ካለች፣ ራይታን ያያቸው ክሮች ዋነኛ መልሷ ናቸው። አጥንቱ ተስማምቷል፤ ድዱ ገና አልተስማማም።

እዚህ ላይ ፍንጭትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው፤ ሲሞካሽ ኖሯል። እንዲያም ሆኖ የሚያስዘጉት አሉ፣ መብታቸው ነው። የፊት ጥርስ ክፍተት ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ በመከፈት ይታወቃል፤ አንዱ ምክንያትም ይኸው የድዱና የከንፈር ማሰሪያው ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ፍንጭት መዝጋት የሚያወራ ማንኛውም ምክር አጥንቱን ብቻ ካወራ ግማሽ ምክር ነው።

ግማሽ ሥዕል ደግሞ ገበያ ያገኛል። «ጥርስዎን በግማሽ ጊዜ» እያለ የሚሸጥ፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃ የሚነከስ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ አለ። ከጀርባው ያለው ሐሳብ የሚገባ ነው፦ ሕዋስ ንቅናቄ ይሰማዋል፣ ሳህንና አይጥ ላይ አንዳንድ ለውጥ ታይቷል። ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው መሣሪያውን ለአንዱ ቡድን ሰጥተው ለሌላው ሳይሰጡ ባነጻጸሩ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ይህ ነው የሚባል የፍጥነት ልዩነት አላገኙም። ከሳህን ወደ አፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው ያልኩት ለዚህ ነው። እዚህ የሚጠፋው ግን ገንዘብ ብቻ ነው።

የባሰው ነጻው ነው። ሁለቱን የፊት ጥርሶች በተራ ላስቲክ አስሮ ፍንጭት መዝጋት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። በሥዕሉ መሠረት ምንም ስህተት የለውም፦ ኃይል አለ፣ አቅጣጫው ትክክል ነው፣ በግፊቱ በኩል አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው ይሠራል። እውነትም በቀናት ውስጥ ጥርሶቹ ይጠጋጋሉ፤ ቪዲዮው እዚያ ላይ ያበቃል። ግን የጥርስ ሥር ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ላስቲክ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ጠባቡ ይንሸራተታል። ድዱ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ጅማቱን እየቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል። ጅማቱ ሲቆረጥ አጥንቱን የሚያስተካክለው አይኖርም፤ ቁስለቱ አጥንቱን በዙሪያው ይበላዋል፣ የሚገነባው ወገን ግን የለም። ጥርሶቹ መነቃነቅ፣ ረዘም ረዘም ማለት ይጀምራሉ። በዚህ መንገድ ጤነኛ የፊት ጥርሳቸውን ያጡ ልጆች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል። ልጁ ላስቲኩ ወልቆ የወደቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጋ ሲሄድም አያነሳውም። ላስቲክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስሬይ ላይ አይታይም።